የወና ቤት ውበት ለማን ነው?

«ወና» የሚለው ቃል በቋንቋችን ደስ የሚያሰኝ ቃል አይደለም። ሰው የሌለበት፥ እሳት የማይነድበት፥ ከጣሪያው ጢስ የማይወጣበት ቤት ወና ይባላል። የተቆጣ ሰው «ቤትህ ወና ይሁን» ብሎ ይራገማል እንጂ ወና ቤትን ለምርቃት የሚጠራ የለም። ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ውስጥ ወና ቤቶችን፥ የተዘጉ ፋብሪካዎችን፥ ጣሪያቸው የወደቀ አብያተ ክርስቲያናትን የሚያሳዩ ግዙፍና እጅግ ያማሩ ፎቶግራፎች በክብር ተሰቅለው፥ ሕዝብም ሊያደንቃቸው እንደሚመጣ ስንሰማ ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ ሊሆንብን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የሌላው ሰው ቤት፥ የሌላው ሰው ከተማ ፈርሶ ሲገኝ፥ በፍርስራሹ ውስጥ ውበትን መፈለግ፥ ያንንም ውበት ለሕዝብ ዐውደ ርእይ ማቅረብ በሥነ ምግባር ረገድ እንዴት ይታያል? ጥያቄው ለሠዓሊዎችና ለፎቶግራፍ አንሺዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ ብዙ ሰው ካሜራ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ካቴኪስቶቻችንም ወደ ሩቅ የጸሎት ቤቶች ሲሄዱ የተሰነጠቀውን ግድግዳና የዛገውን ቆርቆሮ አንሥተው ይመለሳሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርስራሽን አይቶ መደሰት በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ የጥንቷን ሮማ ፍርስራሾች በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ ያትም ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሁበር ሮቤር ደግሞ በ1796 የሉቭርን ታላቅ አዳራሽ፥ ገና ደኅና ቆሞ ሳለ፥ እንደ ፈረሰ አድርጎ ሣለው። የሚያስገርመው ግን ያንኑ አዳራሽ ቤተ መዘክር ለማድረግ ከሚደክሙት ሰዎች አንዱ ራሱ ሮቤር መሆኑ ነው። ሆኖም በጥንቷ ሮማ ፍርስራሽና በዛሬው ጉዳያችን መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። የሮማ መታጠቢያ ቤቶች ባለቤቶች ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለ እነርሱ የሚያፍርም የሚቆጣም ዘመድ የለም። ዛሬ በዐውደ ርእይ የሚቀርበው ቤት ግን ባለቤቱ ምናልባት ከሁለት መንገድ ወዲያ በሕይወት አለ።

ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው የዲትሮይት ከተማ ናት። በመኪና ሥራዋ ዓለምን ያስደነቀችው ይህች ከተማ በ1950 ወደ 1,850,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ በ2010 በተደረገው ቆጠራ 713,777 ብቻ ቀረ። ፋብሪካዎቹ ወደ ከተማይቱ ዳርቻና ወደ ሌሎች ግዛቶች ሄዱ። ነጮቹ ቤተሰቦች አዲሶቹን አውራ ጎዳናዎች ተከትለው ወጡ፤ ጥቁሮቹ ግን ቤት የሚገዙበት ብድር እየተከለከሉ በነበሩበት ቀሩ። በ1967 በተነሣው ሁከት 43 ሰዎች ሞቱ። በመጨረሻም በሐምሌ ወር 2013 ከተማይቱ ዕዳዋን መክፈል እንደማትችል በፍርድ ቤት አስታወቀች። በ1913 የተከፈተው ታላቁ የሚሺጋን ሴንትራል ባቡር ጣቢያ የመጨረሻው ባቡር በጥር ወር 1988 ከወጣለት በኋላ መስኮቶቹ ተሰባብረው፥ ዕብነ በረዱ ተዘርፎ ለሠላሳ ዓመት ያህል ቆመ። በ1926 የተሠራው ያጌጠ የሚሺጋን ቲያትር ቤት ደግሞ በ1970ዎቹ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ጣሪያው ላይ ያለው የኖራ ጌጥ ገና ስላልወደቀ መኪናዎቹ ከአንድ ቤተ መንግሥት ቁራጭ ሥር የቆሙ ይመስላሉ።

ወደዚህች ከተማ ፎቶግራፍ አንሺዎች መጡ። ከ2005 ጀምሮ ሁለቱ ፈረንሳውያን ኢቭ ማርሻንና ሮማን ሜፍር፥ ጥቂት ቆይቶም አሜሪካዊው አንድሩ ሙር ከባድ ካሜራዎቻቸውን ተሸክመው ወደ ተዘጉት ቤቶች ገቡ። የፈረንሳውያኑ መጽሐፍ በ2010 ታተመ፤ የሙር ፎቶግራፎችም በዚያው ዓመት በአክረን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ቀረቡ። ሥራቸው የችኮላ ሥራ አይደለም። በትልቅ ፊልም፥ በተፈጥሮ ብርሃን፥ በትዕግሥት የተነሡ ናቸው። ከሙር ፎቶግራፎች በአንዱ በአንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት በሙቀት ቀልጦ መልኩ ጠፍቷል። በሌላው በአንድ የፎርድ ቢሮ ወለል ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አረንጓዴ ሽበት በቅሎ ምንጣፍ መስሏል። በሦስተኛው በትምህርት ቤቶች የመጻሕፍት ማከማቻ ውስጥ ከበሰበሱ መጻሕፍት ክምር መካከል ቀጫጭን ዛፎች ወጥተዋል። ይህን የሚያይ ሰው ያምራል ቢል አይፈረድበትም። ያምራልና።

ታዲያ የፈረሰ ነገር እንዴት ያምራል? ይህን ጥያቄ የጥንት ሊቃውንት አስቀድመው አስበውበታል። አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በዓይናችን ብናያቸው የሚያስጨንቁን ነገሮች፥ የሞተ ሰው በድን እንኳ ሳይቀር፥ በጥንቃቄ ተሥለው ስናያቸው ደስ እንደሚሉን ያስተውላል፤ ምክንያቱንም ሰው በማወቅ ስለሚደሰት ነው ይላል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ደግሞ ለውበት ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ ሲያስተምር ከሁሉ በፊት የሚያነሣው ሙሉነትን ነው። የጎደለ ነገር በጎደለው መጠን መልከ ጥፉ ነው። ነገር ግን ቅዱስ ቶማስ በዚያው ስፍራ አንድ ሥዕል የሚሥለው ነገር አስቀያሚ ቢሆንም እንኳ፥ ነገሩን ፍጹም አድርጎ ካሳየ ሥዕሉ መልካም እንደሚባል ይጨምራል። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ውበት አለ ማለት ነው፤ የቦታው ውበትና የሥዕሉ ውበት። ቦታው ውበቱን ያጣ ቢሆንም ሥዕሉ ሊያምር ይችላል።

ብዙዎች የፎቶግራፍ ወዳጆች ክርክሩ በዚህ ያበቃ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል እንላለን። ቅዱስ ቶማስ የጠየቀው ሥዕሉ ነገሩን «ፍጹም አድርጎ» እንዲያሳይ ነውና። በዚያን ጊዜ ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት የነበረችውን፥ ልጆች የሚማሩባትን፥ ሙታን የሚቀበሩባትን ከተማ አንድም ሰው በማይታይባቸው ሥዕሎች ብቻ ማሳየት ፍጹም አድርጎ ማሳየት ነውን? ሥዕሉ የመጻሕፍት ማከማቻውን በትክክል አሳይቶ ይሆናል፤ ዲትሮይትን ግን አላሳየም። ከሥዕሉ በታች የተጻፈው ስም «ዲትሮይት» የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከጉድለት አልፎ ወደ ሐሰተኛ ምስክርነት ይጠጋል።

የዚያን ማከማቻ ቤት ነገር ትንሽ ዘርዘር እናድርገው፤ ለጥያቄያችን ከብዙ ትምህርት ይልቅ ይጠቅመናልና። ሕንጻው ከታላቁ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚገኝ ሲሆን በ1987 ቃጠሎ ደርሶበት መጻሕፍቱ በውስጡ እንዳሉ ተጣለ። ፎቶግራፍ አንሺዎችና የወና ቤት ጎብኚዎች በየጊዜው ይገቡበት ነበር። በጥር ወር 2009 የአንድ ቤት የሌለው ሰው አስከሬን በዚያው ሕንጻ የአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ በበረዶ ተይዞ ተገኘ፤ ከበረዶው በላይ የሚታዩት እግሮቹ ብቻ ነበሩ። ከዚያው ግቢ በበረዶው ላይ የሚጫወቱ ሰዎች አይተውት ነበር፤ አስከሬኑ እስኪወጣ ድረስ ግን ጊዜ አለፈ። ይህን የምንጽፈው ፎቶግራፍ አንሺዎቹን በሰውዬው ሞት ለመክሰስ አይደለም፤ አልገደሉትም። ነገር ግን «ወና» ብለን የጠራነው ቤት ወና እንዳልነበረ ማወቅ ይገባናል። የሚያድርበት ሰው ነበር። እኛ ለዓይናችን የፈለግነውን ጸጥታ ሌላው ለሥጋው መጠለያ ፈልጎት ነበር።

የዲትሮይት ነዋሪዎች ስለ እነዚህ ፎቶግራፎች ብዙ ተከራክረዋል። ከመካከላቸው የተቆጡት ለዚህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ ከነውረኛ ሥዕሎች ስም የተወሰደ መራራ ስም አወጡለት፤ ስሙም በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ልንደግመው አንሻም፤ ይሁን እንጂ ስሙን ያወጡት ሰዎች አንድ እውነት እንደ ነኩ እናምናለን። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 በሚያዝያና በግንቦት ባደረጓቸው ትምህርቶች የሰው አካል በሥነ ጥበብ ስለሚታይበት መንገድ ሲያስተምሩ፥ ፎቶግራፍና ፊልም አካልን ከባለቤቱ ለይተው ለማይታወቅ ተመልካች ሁሉ የሚያቀርቡ መሆናቸውን አስገንዝበው፥ ኃላፊነቱ በሠሪውም በተመልካቹም ላይ እንደሚወድቅ አስረድተዋል። ቤት አካል አይደለም። ቢሆንም የሰው ቤት የሰው ገመና ነው። የመኝታ ክፍሉ ቀለም፥ በግድግዳው ላይ የልጆቹ ቁመት የተለካበት መስመር፥ በወለሉ የወደቀው የጋብቻ ፎቶግራፍ፥ እነዚህ ሁሉ ባለቤቱ ሳይኖር፥ ፈቃዱም ሳይጠየቅ ለእንግዳ ዓይን ሲሰጡ፥ ከባለቤቱ ላይ የሚወሰድ አንድ ነገር አለ።

ቅዱስ አውጉስጢኖስም ይህን ነገር ከሩቅ አይቶታል። በወጣትነቱ በካርታጎ ከተማ ቲያትር ይወድ እንደ ነበር ሲናዘዝ፥ በመድረክ ላይ የሌላውን ሰው መከራ እያየ ማልቀስ ደስ ያሰኘው እንደ ነበር ይናገራል፤ ያም ኀዘን እውነተኛ ምሕረት እንዳልሆነ ያስረዳል፤ ተመልካቹ እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ አይጠራምና። በሌላ ስፍራም ሰዎች የተቆራረጠ አስከሬን እንዳለ ሲሰሙ ሊያዝኑና ሊደነግጡ እያወቁ ለማየት እንደሚሮጡ ጽፎ፥ ይህን የዓይን ምኞት ብሎ ጠርቶታል። ይህ አፍሪካዊ ጳጳስ ካሜራ አላየም፤ የካሜራን ፈተና ግን ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቀዋል።

በአገራችን ሥርዓት ወደ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ የቀረበለትን ቀማምሶ ይሄዳል። የቤቱን ዕቃ እየተዟዟረ አያይም፤ ወጥቶም ስለ መጋረጃው ውበት አያወራም። ቢያወራ እንኳ ሰው ይታዘበዋል። ወደ ፈረሰ ሰፈር የሚገባ ፎቶግራፍ አንሺ ሊማረው የሚገባው ትሕትና ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለንም።

ይሁን እንጂ ፍርዳችንን በዚህ ብናቆም ሚዛናችን የተዛባ ይሆናል። የፈረሰን ከተማ በሠመረ ጥበብ ማቅረብ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ፥ ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱን መጣል ነበረብን። ሰቆቃወ ኤርምያስ ስለ ፈረሰችው ኢየሩሳሌም የተጻፈ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎችም በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተሰደሩ ናቸው። ያለቀሰው ሰው እያለቀሰ ፊደል ቆጥሯል! ኀዘኑ ጥበብን አልናቀም፤ ጥበቡም ኀዘኑን ሐሰት አላደረገውም። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ፍርስራሹን የሚያዩ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ በመንገድ የሚያልፈው ነው፤ ቆሞ እጁን ያጨበጭባል፤ የውበት ፍጻሜ የተባለችው ከተማ ይህች ናትን? እያለ ይደነቃል። ሌላው በፍርስራሹ ውስጥ የተቀመጠው ነው፤ እርሱም በመጨረሻው ምዕራፍ «እኛ» እያለ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል። ሁለቱ የሚያዩት ድንጋይ አንድ ነው። ነህምያንም እናስታውስ። በሌሊት በእንስሳ ተቀምጦ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ሲመለከት ለማንም አልነገረም። በዝርዝር አየ፥ የተቃጠሉትን በሮች መረመረ፥ ከዚያ በኋላ ግን ለሕዝቡ ተናገረ፤ የተናገረውም ስለ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ፍርስራሽን ማሳየት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ሳይሆን፥ የሚያሳየው ሰው ከየትኛው ወገን ቆሞ ያሳያል የሚል ነው። ይህን ለማየት የሚመች አጋጣሚ ከመስከረም 2012 እስከ የካቲት 2013 ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሺንግተን ከተማ ተገኝቶ ነበር። በብሔራዊው የሕንጻ ቤተ መዘክር ስለ ዲትሮይት ሁለት ዐውደ ርእዮች በአንድ ጊዜ ቀረቡ። አንዱ ቀደም ሲል የጠቀስነው የአንድሩ ሙር ሥራ ነው። ሁለተኛው የካሚሎ ሆሴ ቬርጋራ ሲሆን፥ ርእሱም በእኛ ቋንቋ «ዲትሮይት የደረቀ አጥንት አይደለችም» እንደ ማለት ነው። የነቢዩ ሕዝቅኤልን 37ኛ ምዕራፍ የሚያውቅ ሁሉ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ያውቃል።

ቬርጋራ በ1944 በቺሊ ተወልዶ በአሜሪካ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። ልማዱ ከሌሎቹ ይለያል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ድኾች ሰፈሮች እየሄደ አንድን ቦታ አንሥቶ ከዓመት በኋላ፥ ከአምስት ዓመት በኋላ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ ያነሣዋል። ቤቱ መጀመሪያ ሰው አለበት፤ ቀጥሎ መስኮቱ በሳንቃ ተመትቷል፤ ቀጥሎ ጣሪያ የለውም፤ ቀጥሎ ባዶ መሬት ነው፤ ከዚያም አንድ ቀን በመሬቱ ላይ ጎመን ተተክሎ ይገኛል። በተዘጋ ሱቅ ውስጥ የጸሎት ቤት ይከፈታል፤ በግድግዳው ላይ የሰፈሩ ሠዓሊ ሥዕል ይሥላል። አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ፎቶግራፍ አንሺ ፍርስራሽን ያያል፤ እየተመላለሰ የመጣ ግን ታሪክን ያያል። በእኛ አስተያየት በሥነ ምግባር ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ይህ ነው፤ ከካሜራው ጥራትና ከብርሃኑ ውበት ይበልጣል። አንድ ቁምስና አንድ ጊዜ የጎበኘ እንግዳና በዚያው ሃያ ዓመት ያገለገለ ካቴኪስት ስለ ቁምስናው የሚናገሩት አንድ እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን።

ነገር ግን ቬርጋራንም ቅዱስ አናድርገው። በ1995 በዲትሮይት መሐል ከተማ ያሉ የተዘጉ ረጃጅም ሕንጻዎች፥ አሥራ ሁለት ያህል የመንገድ ክልል የሚሸፍኑት፥ ሳይፈርሱም ሳይታደሱም እንደ አቴና አክሮፖሊስ ፍርስራሽ ሆነው ለመታሰቢያ ይቆዩ ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የከተማይቱ ሰዎች እጅግ ተቆጡ፤ እኛም ቁጣቸው ተገቢ ነበር እንላለን። ሥራና መብራት የሚለምን ሕዝብ ከተማው የሌሎች መመሰጫ ትሁን ሲባል ሊቆጣ ይገባዋል። እንግዲህ በፍቅር የሚያይ ዓይን እንኳ ውበት በሚያታልለው ጊዜ ይስታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለዚህ ጉዳይ ስንናገር ከዳር ሆነን አይደለም። በጥቅምት 23 ቀን 1984 ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዓለም ሁሉ ደነገጠ። ያ ፊልም ብዙ ነፍስ አዳነ፤ ይህን የሚክድ የለም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በዚያን ጊዜ ከሌሎች ጋር ሆና የምታከፋፍለው እህል ያገኘችው ሰዎች አይተው ስለ ራሩ ነው። ነገር ግን ያ ሥዕል ከረኀቡ በኋላ ቀረ። ዝናቡ ከመጣ፥ ሕፃናቱም አድገው ልጆች ከወለዱ በኋላ እንኳ በባዕድ አገር «ከኢትዮጵያ ነኝ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ረኀብ ነበር። የአውሮፓ የረድኤት ድርጅቶች በ1989 ስለ ሥዕልና መልእክት አንድ የሥነ ምግባር ደንብ ማውጣታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የዲትሮይት ሰው ከተማው በፍርስራሽ ብቻ ስትታወቅ የሚሰማውን ከእኛ የተሻለ ማን ያውቃል? ደግሞስ ያ ፊልም ባይታይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሁለቱንም ጥያቄ በአንድነት መያዝ ከባድ ነው፤ አንዱን መጣል ግን አይገባም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። በወና ቤት ፎቶግራፎች ውስጥ ከሁሉ አብዝተው ከሚታዩት አንዱ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዲትሮይት ሊቀ ጳጳሳት ሀገረ ስብከት በ1989 በከተማይቱ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ቁምስናዎችን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ከተዘጉት አንዱ መጀመሪያ በቅድስት አግነስ ስም፥ በኋላም በዑጋንዳ ሰማዕታት ስም የተጠራው ቁምስና ነው፤ በ2006 ተዘጋ። ቅዱስ ጳውሎስ ስድስተኛ በ1964 ቅድስናቸውን ያወጁላቸው አፍሪካውያን ወጣቶች ስም ያለበት ያ ቤተ ክርስቲያን መስኮቶቹ ተሰብረው፥ መንበሩ ተራቁቶ በብዙ ካሜራ ታይቷል። ለካቶሊክ ተመልካች ይህ ሥዕል እንደ ሌላው አይደለም። በዚያ መንበር ላይ ቅዱስ ቁርባን ቀርቧል፤ በዚያ ገንዳ ሕፃናት ተጠምቀዋል። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቁጥር 1222 ለአምልኮ ሊውል የማይችል ቤተ ክርስቲያን በጳጳሱ ውሳኔ ለዓለማዊ፥ ሆኖም ነውር ለሌለበት አገልግሎት ሊውል እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉ ስለ ሥዕሉ አይናገርም፤ ነውር የሚለውን ቃል ማስቀመጡ ግን ሕንጻው ከተዘጋ በኋላ እንኳ አክብሮት እንደሚገባው ያመለክታል። በኅዳር መጨረሻ 2018 በሮም በግሪጎርያን ዩኒቨርሲቲ ጳጳሳዊው የባህል ምክር ቤት የጠራው ጉባኤ የተነጋገረው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ በብዙ አገሮች ስለሚዘጉት አብያተ ክርስቲያናት።

ከምእመናን ወገን አንዳንዶች እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ፈጽሞ መታየት የለባቸውም ይላሉ፤ እምነትን ያዳክማሉ፥ ጠላትን ደስ ያሰኛሉ ብለው። በዚህ አንስማማም። የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እውነት ነው፤ እውነትን የምንፈራበት ምክንያት የለም። ጌታችን ራሱ ደቀ መዛሙርቱ የቤተ መቅደሱን ድንጋዮች ባደነቁ ጊዜ ስለ መፍረሳቸው ነገራቸው፤ ከተማይቱንም ባየ ጊዜ አለቀሰላት። ሐሰቱ የሚመጣው ሥዕሉን በማቀናበር ነው። በቼርኖቢል አደጋ ምክንያት በሚያዝያ 27 ቀን 1986 ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ቀን የወጡባት የፕሪፕያት ከተማ ለዚህ ምስክር ናት። በመዋዕለ ሕፃናቷ ጎብኚዎች አሻንጉሊቶችን ከመሬት እያነሡ አልጋ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ የጋዝ መከላከያ ጭንብል ያለብሷቸው ነበር፤ ከዚያም እንዲሁ እንዳገኙት አድርገው ያነሡት ነበር። ልጆቹ ትተውት የሄዱት አሻንጉሊት በቂ ኀዘን አልነበረምን?

አንድ ቁምስና ወይም አንድ የወጣቶች ማኅበር እንዲህ ያለ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ቢያስብ፥ እኛ ከሁሉ በፊት የምንጠይቀው በሥዕሎቹ ሥር ምን እንደሚጻፍ ነው። «የፈረሰ ቤት» ተብሎ ከተጻፈ ምንም አልተጻፈም። ቤቱ የማን ነበር? መቼ ተሠራ፥ ለምን ተተወ፥ የነበሩበት ሰዎች የት ሄዱ? ቀጥሎም የሰፈሩ ሰዎች በመክፈቻው ቀን ተጠርተው እንደሆነ እንጠይቃለን፤ ተጠርተው ሥዕሉ ፊት ቆመው «ይህ የእናቴ ወጥ ቤት ነበር» ለማለት ያፈሩ ይሆን ወይስ አያፍሩም? በአዳራሹ ውስጥ የእነርሱ ድምፅ ከተሰማ፥ የፎቶግራፉ ውበት ስንዴውን ከእንክርዳድ ሳይለይ አይቀርም።

የታላቁ ባቡር ጣቢያ ነገር እንኳ ሳይታሰብ ተለወጠ። በ2018 የፎርድ ኩባንያ ገዝቶት በሰኔ 2024 ታድሶ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ከአጠገቡ ያለው የመጻሕፍት ማከማቻም በ2023 የሥራ ቦታ ሆኗል። ከበሰበሱ መጻሕፍት መካከል የበቀሉት ዛፎች አሁን በፎቶግራፍ ብቻ ይገኛሉ። በበረዶ ውስጥ ለተገኘው ሰው ግን እድሳቱ የሚመልስለት ነገር የለም፤ እርሱ የሚታሰበው ስሙን የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ ነው።

ለካቴኪስቶቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። ቁምስና ቢዘጋ ወይም የጸሎት ቤት ቢፈርስ፥ የጥምቀት፥ የጋብቻና የሙታን መዝገቦቹ አይጣሉም፤ በቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት በጥንቃቄ ይጠበቃሉ። ስለዚህ በሩቅ ቀበሌ የወደቀ የጸሎት ቤት ፎቶግራፍ ያነሣ ካቴኪስት፥ ሥዕሉን በቁምስናው አዳራሽ ከመስቀሉ በፊት ወደ መዝገብ ክፍሉ ይሂድ፤ በዚያ ቤት የተጠመቁትን፥ ተክሊል የደረሰላቸውንና የተቀበሩትን ሰዎች ቁጥርና ዓመት ከመዝገቡ አውጥቶ በሥዕሉ ሥር በእጁ ይጻፍ። ከመካከላቸው በሕይወት ያሉ ካሉም ሥዕሉን አስቀድሞ ቤታቸው ድረስ ወስዶ ያሳያቸው፤ ስለ ቤቱ የሚነግሩትንም ይጻፍላቸው።